መብራት አድሮ ሲመጣ ፓይ-ሆሉ የቤቱን ኔት ሁሉ ይዘጋብኛል፣ ምን ላድርገው?

የበረሳ_ልጅ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ምሽት 1:40

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ ነው። ያለሁት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፣ ቤት ውስጥ እማዬና ሁለት ወንድሞቼ አሉ፣ ስልኩ ላፕቶፑ ቲቪው ሲቆጠር ዘጠኝ ዕቃ ዋይፋዩ ላይ ይንጠለጠላል። ክረምት ላይ ያገለገለ ራስበሪ ፓይ 3 ሞዴል ቢ (ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት) አገኘሁና ፓይ-ሆል ጫንኩበት፣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የሳይት ስም ወደ ቁጥር መቀየሩን፣ እሱን ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ የማስታወቂያ ስሞችን ያግዳል። ዋናው ምክንያቴ የቁማር ማስታወቂያ ነው፣ ትንሹ ወንድሜ ጌም በከፈተ ቁጥር ውርርድ ውርርድ የሚል እየዘለለ ይመጣበታል፣ እማዬም መዝሙር ልትሰማ ገብታ "ስልክሽ ቫይረስ አለበት" የሚለውን ነክታ አንዴ ጉድ ሰርታኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፓይ-ሆሉ ከገባ ወዲህ ቤቱ ተረጋግቷል።

ችግሩ መብራት ነው። ለግማሽ ሰአት ለአንድ ሰአት ጠፍቶ ሲመጣ ምንም አይልም፣ ራሱ ይነሳል፣ ኔቱም ይሰራል። ውሎ አድሮ ሲመጣ ግን ቤቱ ሙሉ ኔት የለም። ባለፈው ቅዳሜ ምሽት 1 ሰአት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ድም አለና ሰኞ ምሽት 12 ተኩል አካባቢ ነው መብራት የመጣው፣ ከዛ ጀምሮ እስካሁን ይኸው ነው። ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ሳይት ግን አንድም አይከፈትም። ከላፕቶፑ 8.8.8.8ን (የጉግልን ዲኤንኤስ) ፒንግ ሳደርግ ቆንጆ አድርጎ ይመልሳል፣ የፓይ-ሆሉ ገጽ ራሱ በ192.168.1.50 ይከፈታል፣ ስልኬ ላይ ዲኤንኤሱን በእጄ 8.8.8.8 ሳደርገው ወዲያው ይሰራል። ፓይውን ሪስታርት ባደርግ ባደርግ ለውጥ የለም።

ከዚህ በፊት ሁለቴ እንዲህ ሆኖብኝ ሁለቱንም ጊዜ ራውተሩን ወደ ድሮው መልሼ፣ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ፣ ፓይ-ሆሉን ከዜሮ ጭኜ፣ በቴሌፖርተር (የፓይ-ሆሉ ባክአፕ) ያስቀመጥኩትን ሴቲንግ መልሼ ነው የተገላገልኩት፣ ከዛ እስከሚቀጥለው ረጅም ጨለማ ድረስ ሰላም ነው። ሎጉ ላይ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን "ቦገስ" የሚል በቀይ አየሁ፣ "ሰርቭፌይል" የሚልም አለ፣ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሶስተኛ ጊዜ ፎርማት ከማድረግ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። ትልቁ ወንድሜ "ያንቺ ሳጥን" ነው የሚለው፣ ትናንት ማታ ነቅሎ ሊወረውረው ሲል በስንት ልመና ነው የተወው።

ቆላ_ሮቢት፣ ምሽት 1:58

ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። መብራት ሲመጣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ አንድ ላይ ተነስቶ ራውተሩን አይፒ (የኔትወርክ ቁጥር) ይለምናል፣ ፓይህ የድሮ ቁጥሩን አላገኘም ማለት ነው፣ ስልኮቹ ደግሞ በድሮው ቁጥር ይፈልጉታል። ራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን የሚል አለ፣ የፓይውን ማክ አድሬስ አስገብተህ ቁጥሩን ቆልፈው፣ አለቀ። ሸዋ ሮቢት ላይ እኔ ቤት እንዲህ ካደረግኩ ዓመቴ ነው። ደግሞ እዛ ብርድ ውስጥ ኔት ባይኖርም ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ነው ሃሃ

ጉም_ጣርማበር፣ ምሽት 2:05

እኔ የምመክረው ራውተሩ ላይ ሁለተኛ ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ 8.8.8.8 ሙላበት። ፓይው ሲሞት በሁለተኛው ይሄዳል፣ ቤተሰብም አይጮህም፣ አንተም ተረጋግተህ ትሰራዋለህ

የበረሳ_ልጅ፣ ምሽት 2:14

@ቆላ_ሮቢት ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ 🙂 ደግሞ ገጹ በ192.168.1.50 ይከፈታል ብዬ ጽፌያለሁ እኮ፣ ቁጥሩ ቢቀየር ኖሮ አይከፈትም ነበር። ሪዘርቬሽኑንም ያደረግኩት የመጀመሪያው ቀን ነው። ብርዱን በተመለከተ ለእናንተም ትንሽ ይላክላችሁ።

@ጉም_ጣርማበር እሱን ሞክሬው ነበር፣ ግን ማስታወቂያው ተመልሶ መጣ፣ አንዳንዴ ይታገዳል አንዳንዴ አይታገድም፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም

ሬዲዮ_ጠጋኝ፣ ምሽት 2:26

የኔ ልጅ፣ ሁለተኛው ዲኤንኤስ መጠባበቂያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ አይደለም። ስልኩ የመጀመሪያው እስኪሞት ተራ አይጠብቅም፣ ሁለቱንም ነው የሚጠይቀው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ የመለሰለትን ይይዛል። ስለዚህ ማስታወቂያው በሁለተኛው በር ይገባል። አጥር አጥሮ በጓሮ በኩል ክፍት መተው ነው፣ አውጪው።

እኔ ደብረ ሲና ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ያረጀሁት፣ ኮምፒውተሩን ልጆቼ ናቸው ያስተማሩኝ፣ እና መጀመሪያ የማየው ሁሌም ኃይሉን ነው። ፓይውን በምንድነው የሰካሽው? የስልክ ቻርጀር ከሆነ እሱን ጣይ። ፓይ 3 የሚፈልገው 5.1 ቮልት 2.5 አምፒር ነው፣ ቮልቱ ከ4.63 ሲወርድ ዕቃው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሚሞሪ ላይ ሲጽፍ ከወረደ ደግሞ ፋይሉን ያበላሻል። ቲቪ ላይ ብትሰኪው ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ታያለሽ። ያለ ቲቪ ደግሞ ጌት ትሮትልድ የምትባል ኮማንድ አለች፣ ዜሮ ካለች ደህና ነሽ።

የበረሳ_ልጅ፣ ምሽት 2:49

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ልክ ነዎት። ቻርጀሩ የድሮ ስልኬ ነው፣ ያውም እማዬ ምጣድ የምትሰካበት ዲቫይደር ላይ ነው ያለው 🙈 ኮማንዷን ሳስገባ 50000 የሚል ቁጥር ሰጠችኝ፣ ፈልጌ ሳይ "አሁን ደህና ነው ግን ከተነሳ ወዲህ ኃይል አንሶት ያውቃል" ማለት ነው አሉ። ትልቁ ወንድሜ ጋ 3 አምፒር ቻርጀር ነበር፣ ለምኜ ወሰድኩና ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ አሁን ዜሮ ትላለች። ኔቱ ግን ያው ነው፣ አሁንም ሎጉ ቦገስ ቦገስ ይላል።

መንዜው፣ ምሽት 3:04

ቦገስ ያልሽውን ማንም አላነበበውም እኮ፣ ነገሩ ያለው እዛው ነው። ሁለት ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ፓይ-ሆሉ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስሴክ የሚለውን ምልክት አድርገሽበታል? ሁለተኛ፣ ፓይው ላይ ግቢና ዴት (ቀንና ሰአት የምታሳይ ኮማንድ ናት) ብለሽ ጻፊ፣ ምን ይላል?

የበረሳ_ልጅ፣ ምሽት 3:16

አዎ ዲኤንኤስሴክ በርቷል፣ አንድ ቪዲዮ ላይ ለሴኩሪቲ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያበራሁት። ሰአቱ ደግሞ 18:22 ዩቲሲ ይላል። የኛ አሁን ምሽት 3 ከሩብ ነው፣ በፈረንጅ 21:15፣ ሶስት ሰአቷ የዩቲሲ ልዩነት ናት፣ ሰባት ደቂቃ ነው የተዛነፈችው። ሰአቱ ደህና ነው ማለት ነው አይደል?

መንዜው፣ ምሽት 3:18

ቀኑስ?

የበረሳ_ልጅ፣ ምሽት 3:21

እሁድ ኦክቶበር 12 ይላል

ኧረ

ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ!!! ኦክቶበር 14 ነው ማለት ነው። እናንተዬ እኔ በፈረንጅ ቀኑ ስንት እንደሆነ መች አስቤ አውቃለሁ፣ ከዚህ በፊትም ዴት ብዬ አይቼው ነበር፣ 12 ሲል ያው የነሱ አቆጣጠር ነው ብዬ አለፍኩት፣ እሁድ የምትለዋንም ልብ አላልኳትም

መንዜው፣ ምሽት 3:44

እንኳን ደስ አለሽ፣ ተገኘ። አሁን ረጋ ብዬ ላስረዳሽ ምክንያቱም ይሄ ነገር እኔንም መሃል ሜዳ ላይ ሶስት ሳምንት አዙሮኛል።

ስልክሽም ላፕቶፕሽም ተዘግተው እንኳ ሰአት የሚቆጥርላቸው ባትሪ ውስጣቸው አለ። ራስበሪ ፓይ ከ5ኛው በፊት ያለው ሁሉ ግን ሰአት የሚይዝ ነገር ጭራሽ የለውም፣ 5ኛውም ቢሆን ሰአቱ አለው እንጂ ባትሪው ለብቻው ነው የሚገዛው። ያንቺው የሚያደርገው ምንድነው፣ መብራት እያለ ሰአቱን በየጊዜው ሚሞሪው ላይ ይጽፋል፣ መብራት ሲመጣ የጻፈውን ያነባል፣ ከዛ ይቀጥላል። ስለዚህ ሰኞ 12 ተኩል ላይ ሲነሳ ለሱ ገና ቅዳሜ ምሽት ነበር። የጠፋው ወደ 47 ሰአት ተኩል ስለሆነ ደግሞ ሰአቱ ሲታይ ልክ ይመስላል፣ ሁለት ቀን ግን ወደኋላ ነው፣ ለዛ ነው የሸወደሽ።

አሁን ዲኤንኤስሴክ የሚባለው። አንድ ሳይት በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ የሚመልሰው መልስ ፊርማ አለው፣ ፊርማው ላይ ደግሞ ከዚህ ቀን ከዚህ ሰአት እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ በይው። ፓይሽ ለራሱ እሁድ ላይ ነው ያለው፣ የሚመጣለት ወረቀት ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ የተፈረመ ነው። ገና ባልመጣ ቀን የተፈረመ ወረቀት ሲያይ ፎርጅድ ነው ብሎ ይጥለዋል። ቦገስ ማለት ይሄ ነው። ራሳቸው ያልፈረሙ ሳይቶችም አይተርፉም፣ "እነዚህ አልፈረሙም" ብሎ የሚመሰክረው ከሳይቱ ስም በላይ ያለው፣ እንደ ዶት ኮም ያለው፣ ነው፣ የሱ ምስክርነት ደግሞ ፊርማና ቀን አለው። ለግማሽ ሰአት ሲጠፋ ደህና የሚሆንልሽ ግማሽ ሰአት ወደኋላ ቢቀርም ከፊርማው ጊዜ ውስጥ ስለሚወድቅ ነው።

ታዲያ ለምን ሰአቱን ከኢንተርኔት አያስተካክልም ትይኛለሽ። ሊያስተካክል ይፈልጋል። ግን የሰአት ሰርቨሩን የሚያውቀው በስም ነው፣ ስሙን ወደ ቁጥር ለመቀየር ዲኤንኤስ ይጠይቃል፣ የሚጠይቀው ደግሞ ራሱን ነው፣ ራሱ ደግሞ ሰአቱ ስላልተስተካከለ ሁሉንም ፎርጅድ ይላል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው ነው የሆነው። ሪስታርት ብታደርጊውም የጻፈውን የድሮ ሰአት አንብቦ እዛው ይገኛል።

ፎርማት ስታደርጊ የሚሰራልሽም በዚሁ ነው። አዲስ ፓይ-ሆል ሲጫን ዲኤንኤስሴክ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ በዛች ክፍተት ሰአቱን ያስተካክላል፣ ከዛ አንቺ በቴሌፖርተር የድሮውን ሴቲንግ ስትመልሺ ዲኤንኤስሴክ ተመልሶ ይበራል፣ ግን ሰአቱ አንዴ ስለተስተካከለ ችግር የለም። እስከሚቀጥለው ትራንስፎርመር።

አሁን ለዛሬ ማታ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚለው ገጽ ላይ ዩዝ ዲኤንኤስሴክ የሚለውን ምልክት አንሺና ሴቭ አድርጊ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ዴት ብለሽ እዪ።

የበረሳ_ልጅ፣ ምሽት 3:53

ሰራ!!!! ማክሰኞ ኦክቶበር 14፣ 18:52 ይላል። ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። ትንሹ ወንድሜ ከመኝታ ቤት "መጣ!" ብሎ ጮኸ፣ ትልቁ ምንም አላለም፣ ቻርጀሬን መልሺ ብቻ ነው ያለኝ

መልሼ ዲኤንኤስሴኩን ላብራው ወይስ ልተወው? እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ቆላ_ሮቢት፣ ምሽት 4:02

እህቴ ይቅርታ፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ግን እኔ ብሆን ተዪው ነው የምለው። ፓይ-ሆልሽ መልሱን የሚያመጣው ከነማን ነው? 8.8.8.8 ወይ 1.1.1.1 ወይ 9.9.9.9 ከሆነ እነሱ ራሳቸው ፊርማውን አይተው ነው የሚልኩልሽ። ቤትሽ ውስጥ ድጋሚ ማየቱ ምን ይጨምራል፣ ጭቅጭቅ እንጂ

መንዜው፣ ምሽት 4:15

ቆላው ያለው ግማሹ እውነት ነው። እነሱ ያያሉ፣ ግን ከነሱ እስካንቺ ያለው መንገድ ላይ መልሱን ማንም ቢነካካው አታውቂም፣ ቤት ያለው ማጣሪያ የሚጠቅመው እዛች ጋ ነው። የማስታወቂያ እገዳው ብቻ ከሆነ ጉዳይሽ ግን ዲኤንኤስሴክ ምንም አያገናኘውም፣ ቢጠፋም ቁማሩ አይመጣም።

እኔ እንዲበራ ነው የምፈልገው ካልሽ መፍትሄው የሰአት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር መንገር ነው፣ ቁጥር ለማግኘት ዲኤንኤስ መጠየቅ የለበትማ። ኢቲሲ ከሚለው ፎልደር ስር ሲስተምዲ የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ ታይምሲንክዲ የሚል የኮንፍ ፋይል ታገኛለሽ። ኤንቲፒ የሚለው መስመር ፊት ያለችውን # አጥፊና ከእኩል ምልክቱ በኋላ 162.159.200.1 እና 216.239.35.0ን ጻፊ፣ በመሃላቸው "እና" ሳይሆን ክፍት ቦታ ብቻ። የመጀመሪያው የክላውድፍሌር ነው፣ ሁለተኛው የጉግል። ሁለት ያደረግኩት አንዱ ቁጥሩን ቢቀይር ሌላው እንዲይዝልሽ ነው።

ሬዲዮ_ጠጋኝ፣ ረቡዕ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1:20

እኔ ያልኩት ኃይሉ ሆኖ ነገሩ ሰአት ሆነ፣ ደግ ነው፣ ቻርጀሩ ግን ተመልሶ ምጣዱ ጋ እንዳይሄድ።

መንዜው ያለው መልካም ነው ግን ኔት ከሌለ ሰአትም የለም። መብራት መጥቶ ኔቱ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን ሞልቷል። ለኔ ቁርጡ ባትሪ ያላት ሰአት መግጠም ነው፣ ዲኤስ3231 ትባላለች፣ አውራ ጣት የምታክል ሰሌዳ ናት፣ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡት ጋ ጠይቂ። በውስጧ ሙቀቱን እየለካች ራሷን ታርማለች፣ በዓመት ብትዛነፍ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም አያሳስታትም። አራት ሽቦ ነው የምታገናኚው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኃይሏን ከ3.3 ቮልቱ ፒን ስጪያት፣ ከ5 ቮልቱ አይደለም። ርካሾቹ ሰሌዳዎች ላይ ባትሪ የሚሞላ መስመር አለ፣ የሚሞላ ዓይነት ባትሪ ታስቦ የተሰራ ነው። ሰው ግን የሚያስገባው ሲአር2032 ነው፣ እሱ ደግሞ አይሞላም፣ በ5 ቮልት ሲገፉት ያብጣል፣ ሲብስም ይፈነዳል። አንድ ልጅ ያበጠ አምጥቶልኝ አይቻለሁ፣ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሰሌዳውን አንስቶታል። ለፓይሽም ቢሆን ፒኖቹ 3.3 ናቸው፣ ከ5 ጋር አይስማሙም።

ጉም_ጣርማበር፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2:35

ስለሁለተኛው ዲኤንኤስ ዛሬ ነው የገባኝ፣ የኔም ቤት እንደዛ ነበር፣ ለካ ፓይ-ሆሌ የማያግደው ለዛ ነው 😂 እኔ የእገዳ ሊስቱን ነበር ስቀያይር የከረምኩት

የበረሳ_ልጅ፣ እሁድ ጥቅምት 9፣ ከሰአት 8:30

እንዳልጠፋባችሁ። ማክሰኞ ማታውኑ መንዜው ያለውን ሁለት ቁጥር ጻፍኩ፣ ዲኤንኤስሴኩን መልሼ አበራሁ። ግን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አልቻልኩም (ሲፈለግ ደግሞ አይጠፋም)፣ ስለዚህ ዓርብ ማታ ራውተሩን ወደ 8.8.8.8 መልሼ ፓይውን ራሴ ነቀልኩት። ሁለት ቀን ያለ ፓይ-ሆል ዋልን፣ ትናንት ትልቁ ወንድሜ መጥቶ "ይሄ የቁማር ነገር ከየት መጣ፣ ሳጥኗ የት ሄደች" አለኝ። ሳጥኗ አለ! ያንቺ ሳጥን ቀረ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰካሁት። መጀመሪያ ዴት ስለው ዓርብ ኦክቶበር 17 አለ፣ ልቤ ድንግጥ አለ፣ ሰላሳ ቆጥሬ ድጋሚ ስለው እሁድ ኦክቶበር 19። ሎጉ ላይ መጀመሪያ አስር አስራ አምስት ቦገስ አለ፣ ከዛ በኋላ አንድም የለም። ራውተሩንም ወደ ፓይው መለስኩት።

ጋሼ፣ ሰሌዳዋን አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ፈልጎ ለሳምንት ይልክልኛል፣ 3.3 ያሉትን ወረቀት ላይ ጽፌ ፓይው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቻርጀሩንም ገዛሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ የእማዬ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያው ለምን አልጠፋም ትላለች። ደግሞ ዴት ስል አይታ "ለምን በኛ አቆጣጠር አታደርጊለትም፣ በፈረንጅ ሆኖብሽ እኮ ነው ያልገባሽ" ብላኛለች።

መንዜው፣ እሁድ፣ ከሰአት 9:10

የዩቲዩቡ በፓይ-ሆል አይሆንም፣ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም የሚመጡት ከአንድ ስም ስር ነው፣ አንዱን ስትዘጊ ሌላውም ይዘጋል፣ መዝሙሩም አብሮ ይሄዳል። ከቻልሽ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘሩ ውስጥ ማገጃ ጫኚላት።

ሬዲዮ_ጠጋኝ፣ እሁድ፣ ከሰአት 9:32

ለእናትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝና ንገሪያት፣ በኛ አቆጣጠር ብናደርግለት ዛሬ ለሱ 2018 ነው፣ ሁለት ቀን ወደኋላ ቢቀር ይሄን ያህል ያስለቀሰሽ ሰባት ዓመት ቢቀርማ የሚከፍትልሽ ሳይት የለም።